የልኳንዳው ውሻ

ከአሥራ አራቱ መርፌ ልጀምር።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ቀይ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ውሻው ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ አልታየም፤ ያበደ ይሁን ጤነኛ የሚነግረን ጠፋ። እናቴ ቁስሌን በመቀነቷ ጠፍራ ወደ ሕክምና ወሰደችኝ፤ እንደ ዘመኑ ደንብ በየማለዳው እየተመላለስኩ ሆዴን አሥራ አራት ጊዜ ተወጋሁ። ዛሬ በክንድ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ያነሰ ክትባት አለ። ቁስሉ በወሩ ሻረ። ፍርሃቱ ግን ከእኔ ጋር አደገ፤ ጺም አወጣ፤ ዲግሪ ያዘ፤ ሥራ ገባ።

ሥራው የባንክ ነው። ቀን ቀን በመስኮት በኩል የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ለራሴ ስንኝ እቆጥራለሁ። በሁለቱም በኩል አልፎ አልፎ ይጎድለኛል። ባንክን ከውስጥ ያላየ ሰው የመተማመን ቤት ይመስለዋል። የካዝናው በር ግን ሁለት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ሰዎች እጅ ያድራሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ቢመጣ በሩ ድንጋይ ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለ ሁለተኛ ፊርማ አይወጣም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለ እንደሆነ ከፋዩ ከደመወዙ ይሞላል፤ እኔም አንድ ጊዜ ሞልቻለሁ። የሕዝብን አደራ የሚጠብቀው በመልክ በመልኩ የተደረደረ ጥርጣሬ ነው። ይህ ጠባይ ደግሞ ቢሮ ተቆልፎበት አይቀርም፤ ሰውየውን ተከትሎ ቤቱ ይገባል። ወዳጆቼ፣ የምነግራችሁን ታሪክ ስታነቡ ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር፣ ገርጂ አካባቢ ካለ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየን። አከራያችን ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። በሩን የሚጠብቁት ሰባ ዓመት የተጠጋቸው የመንዝ ሰው ነበሩ፤ አባባ እንላቸው ነበር። ከእሳቸው ጎን የቆመው ሁለተኛው ጠባቂ ውሻ ነበር። ስሙ መቻል ይባላል።

በዚያች ቅጽበት ያየሁት ጥቁረቱን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዝርያው ሮትዋይለር ነው። ወንዱ ሲቆም ከመሬት እስከ ትከሻው ከ61 እስከ 68 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ሃምሳ ኪሎ ገደማ ነው፤ በእኛ አነጋገር ግማሽ ኩንታል። ሴቲቱ ከዚያ ጥቂት ታንሳለች። ጠጉሩ አጭር፣ ጠንካራና በገላው ላይ የተኛ ነው። ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ሲሆን፣ በጉንጮቹ፣ በአፉ ዙሪያ፣ በጉሮሮው፣ በደረቱና በእግሮቹ ላይ እንደ ዳማ ፈረስ ያለ ቀይ ቡናማ ተስሎበታል። ከሁለቱ ዓይኖቹ በላይም አንድ አንድ ነጠብጣብ አለው፤ ስለዚህ ተኝቶ እንኳ የሚያይ ይመስላል። ራሱ ሰፊ ነው፤ ጆሮዎቹ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ወደ ፊት ይወድቃሉ። የመቻል ጅራት ጉማጅ ነበር፤ ቡችላ ሳለ አስቆርጠውታል። የዝርያው አገር በሆነችው በጀርመን ግን ጅራት መቁረጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

መቻል አልጮኸብንም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። የመንደር ውሻ ገና ጥላህን ሲያይ ይጮኻል፤ ፍርሃቱን ይነግርሃል፤ አንተም የራስህን ትነግረዋለህ፤ ትለያያላችሁ። እሱ ግን ዝም ብሎ ያየናል። ሰነድ እንደሚመረምር ሰው ከራሴ እስከ እግሬ ያየኝና፣ አባባን ቀና ብሎ ያያል፤ አባባ «ቤተሰብ ናቸው» ሲሉት ራሱን መሬት ላይ ያሳርፋል። እኔ በእጄ ጃንጥላ ይዤ፣ ፀሐይም ቢሆን፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ አልፋለሁ። ልጄ ግን በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ይዛ አየኋትና ጉልበቴ ከዳኝ።

ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የጥቅምቱ ቅዳሜ መጣ።

ውኃ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበርና እትዬ ቦቴ አስመጡ። መኪናው ወደ ኋላ እያለ ሊገባ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ በመስኮት አጠገብ ቆሜ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ልጄ ከቤት ወጥታ ወደ በሩ ስትሮጥ አየሁ፤ ወዲያው መቻል ከኋላዋ ተወርውሮ ሲደርስባት፣ በትከሻው ሲመታት፣ እሷም በፊቷ ስትደፋ አየሁ። ካውያውን ጥዬ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ግንባሯ ተልጦ ደም ወጥቷል። እሱ በእሷና በመኪናው መካከል ቆሟል። ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩበት፤ ጎኑን መታሁት። አልጮኸም፤ አልነከሰምም። ዞር ብሎ አየኝ እንጂ።

አባባ እየሮጡ መጥተው፣ «ልጄ፣ ተው! ከመኪናው እየመለሳት እኮ ነው!» አሉ።

አልሰማኋቸውም። የሰማሁት በሆዴ ውስጥ የቀሩትን አሥራ አራት መርፌዎች ነው። ልጄን ታቅፌ እትዬ ዘንድ ገባሁና፣ «ወይ ውሻው ይታሰር፣ ወይ እኛ እንልቀቅ» አልኩ። ለካ ሰው ሲፈራ ድምፁ የጀግና ይመስላል። እትዬ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሺ፤ ልጅ ይበልጣል» አሉ። በማግስቱ ብረት በያጅ ተጠራ፤ ከኩሽናው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ በግድግዳው ላይ ቀለበት ተበየደ። የሰንሰለቱ ርዝመት ሦስት እርምጃ ነበር። እኔ ለካሁት።

ሰንሰለት ቀስ ብሎ የሚሠራ አንጥረኛ ነው። በመጀመሪያው ወር መቻል ሰው ባለፈ ቁጥር ተነሥቶ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ይመጣና ይቆማል። በሦስተኛው ወር ማልቀስ ጀመረ። በስድስተኛው ወር መጮኽ ጀመረ፤ ያ ዝምተኛ ውሻ ለነፋስም፣ ለቅጠልም፣ ለድመት ጥላም ይጮኻል። ዓመት ሳይሞላው ጥርሱን ማሳየት ተማረ። የአንገቱ ጠጉር ተመልጦ ሥጋው ታየ። አንድ ቀን የእትዬ የእኅት ልጅ ምግብ ሊሰጠው ሲጠጋ እጅጌውን ቀደደበት። እኔ በዚያ ቀን ለባለቤቴ ምን እንዳልኳት ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። «ይኸው! አላልኩሽም?» አልኳት። ሰንሰለቱ የወለደውን ክፋት ሰንሰለት ለማስገባቴ ማስረጃ አድርጌ ቆጠርኩት። የባንክ ሰው ነኝና ቀኑ የማይገጥም ሰነድ ለይቼ መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩትም።

ሌሊት ሌሊት አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጠገቡ ይቀመጡ ነበር። እሳቸውን አይጮኽባቸውም። አንድ ምሽት ከሥራ አምሽቼ ስገባ፣ «ሰው ሳያዋርደው ውሻ አይከፋም» ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ ይሁን ለእሱ አልገባኝም።

የነቃሁት በስንኝ ምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ስለ ታሰረ ውሻ ግጥም ልጽፍ ጀመርኩ። «ጥቁር አውሬ» የሚል ሐረግ ጽፌ ሳበቃ ብዕሬ ቆመ። ስለማላውቀው ነገር ጽፌ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ ያደርገዋል። ግን ይህ ከመስኮቴ አሥር እርምጃ ርቆ የሚተኛ ነው። እስቲ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ልወቅ ብዬ፣ በምሳ ሰዓትና በሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በላይኛው ኔካር ወንዝ ዳር፣ «ጥቁር ደን» ከሚባለው ተራራማ አገር በስተምሥራቅ፣ ሮትቫይል የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች። ሮማውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ73 ዓ.ም. ገደማ የጦር ሰፈር መሥርተውባት አራይ ፍላቪያይ ብለዋት ነበር። የዛሬው ስሟ ከሮማውያን ሕንፃዎች ቀይ የጣራ ሸክላ የመጣ ነው ይባላል። ጦር ያለ ስንቅ አይዘምትም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ደግሞ ሥጋ የሚጓዘው በራሱ እግር ነው። እንደሚታመነው ሌጌዎኖቹ የአልፕስን ተራሮች ሲሻገሩ ከብታቸውን የሚነዱላቸውና ሌሊት የሚጠብቁላቸው ውሾች ይዘው መጡ። ጦሩ ሄደ፤ ውሾቹ ቀሩ፤ ከአገሬው ውሾች ጋር ተዋለዱ።

በመካከለኛው ዘመን ሮትቫይል የከብት ገበያ ሆነች። የከብት ነጋዴዎችና ሥጋ ሻጮች ከየመንደሩ ከብት የሚነዱላቸው፣ በትንሽ ጋሪ ሥጋና ወተት የሚጎትቱላቸው እነዚሁ ውሾች ነበሩ። ስለዚህ «የሮትቫይል ሥጋ ሻጭ ውሻ» ተባሉ። በእኛ አማርኛ የልኳንዳ ውሻ ልንለው እንችላለን፤ ግን ይህ ስም በእኛ ዘንድ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። የእኛ የልኳንዳ ውሻ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ አጥንት የሚጠብቅ፣ ቢላዋ ሲሳል ምራቁን የሚውጥ፣ በእርግጫ የሚባረር ምስኪን ነው። ሥጋን ለውሻ አደራ መስጠት በእኛ ዘንድ የሞኝ ሥራ ነው።

የዚያ አገር ሥጋ ሻጭ ግን ከሥጋም የበለጠውን አደራ ሰጠው። ነጋዴው ከብቱን ሸጦ ሲመለስ መንገዱ ሽፍታ ይበዛበታል፤ በየመንደሩም መጠጥ ቤት አለ፤ ሰው ደግሞ ሰው ነው። እናም የገንዘቡን ኮሮጆ በውሻው አንገት ላይ ያስር ነበር ይባላል። ወንበዴ ወደዚያ አንገት እጁን አይሰድም። ውሻውም ኮሮጆውን ይዞ ቤት ይገባል።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ያነበብኩት በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከኋላዬ ባለ ሁለት ቁልፉ ካዝና አለ። ደጋግሜ አነበብኳት። ሁለተኛ ቁልፍ የለም። ሁለተኛ ፊርማ የለም። ማታ የሚዘጋ ሒሳብ የለም። አንገት ብቻ። እኔ በዚያው አንገት ላይ ምን እንዳሰርኩበት አሰብኩ፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ሁለት ጊዜ እስኪጠራኝ አልሰማሁትም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከብት በፉርጎ ይጫን ጀመር፤ በመንገድ መንዳትም ተከለከለ፤ ጋሪውንም አህያ ወረሰው። ሥራ ያጣ ሠራተኛ ምን ይሆናል? እነዚያም ውሾች አነሱ፤ ተረሱ። እ.ኤ.አ. በ1882 በሃይልብሮን በተደረገ የውሾች ትርኢት የቀረበው ሮትዋይለር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የረባ አልነበረም ይላሉ የዝርያው ታሪክ ጸሐፊዎች። ያዳነው እንደገና ሥራ ነው። በ1901 መልኩና ጠባዩ በጽሑፍ ተደነገገ፤ በ1907 በሃይደልበርግ የወዳጆቹ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1910 ለፖሊስ አገልግሎት የሚሆን ውሻ ተብሎ ዕውቅና አገኘ፤ በ1921 ተከፋፍለው የነበሩት ማኅበራት አንድ ሆኑ። ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ፤ ውሻ በመልኩ ብቻ እንዲራባ አይፈቅድም፤ ከመራባቱ በፊት ጠባዩ ይፈተናል።

ጠባዩ ታዲያ እንዴት ያለ ነው? በድንጋጌው እንደ ተጻፈው በመሠረቱ ሰላማዊ፣ ልጆችን የሚወድ፣ ታዛዥና ሥራ የሚናፍቅ ነው፤ ራሱን የሚተማመን፣ የማይደናገጥ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ በንቃት የሚከታተል ነው። ባዕድ ሲመጣ ቸኩሎ አይፈርድም፤ ቆሞ ያያል፤ ይመዝናል። እኔ እንደ ዛቻ የቆጠርኩት ያ ዝምታ ይኸው ነበር። ከሚወደው ሰው ጋር በአንድ ክፍል መዋል ይሻል፤ ከክፍል ክፍል ይከተለዋል፤ አጠገቡ ሲቆም ክብደቱን አሳርፎ ይደገፈዋል። ብቻውን የታሰረ እንደሆነ ግን ይበላሻል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ነው። ይህ ውሻ ከብት ሲነዳ በደረቱና በትከሻው ይገፋል፤ ከመንገድ የወጣውን ከብት በገላው ክብደት ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። ይህ ከአያቶቹ የወረሰው ነገር በደሙ ውስጥ አለ። ከብት አይቶ የማያውቅ ሮትዋይለር እንኳ የሚጠብቃቸውን ሰዎች በትከሻው ይገፋል፤ ትንንሽ ልጆችን ሳያስበው ይጥላል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መስኮቱ፣ ካውያው፣ ቦቴው፣ ልጄ፣ ትከሻው፣ ሁሉ እንደገና ታየኝ። በመጀመሪያው ቀን ያላየሁት ቦቴውን ነበር። መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ነበር፤ ነጂው የአምስት ዓመት ልጅ በመስታወቱ አያይም። ውሻው በእሷና በመኪናው መካከል ቆሞ የነበረው ለምን እንደሆነ አባባ በዚያችው ደቂቃ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ በድንጋይ መለስኩለት።

ነገር ግን ወዳጆቼ፣ ንስሐ የገባ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ግማሽ ኩንታል የሚመዝን፣ ብርቱ መንጋጋ ያለው እንስሳ አሻንጉሊት አይደለም። አሜሪካኖች በ1990ዎቹ ይህን ውሻ እንደ ፋሽን ያዙት፤ በአንድ ዓመት ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ የተመዘገበበት ጊዜ ነበር፤ የገበያው ጥድፊያ ጠባይ የሚፈትን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1998 በዚያው አገር በውሻ ተነክሰው የሞቱ ሰዎችን ያጠና በ2000 የታተመ ጥናት፣ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የፒት ቡል ዓይነት ውሾችና ሮትዋይለሮች እንደነበሩበት ጽፏል። አጥኚዎቹ አክለው ዝርያን ብቻ ይዞ መፍረድ እንደማይቻል አስጠንቅቀዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 የታተመ፣ በዴንቨር ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የሚናከሱ ውሾች ከማይናከሱት ይልቅ በግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል።

የሰውም ምናብ ስለዚህ ውሻ ሁለት ልብ ነው። በ1976 የወጣው «ዘ ኦመን» የተባለው ፊልም ሮትዋይለሮችን የሰይጣን ዘበኛ አድርጎ አሳያቸው። በ1985 አሌክሳንድራ ዴይ ያወጣችው «ጉድ ዶግ፣ ካርል» የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ ሮትዋይለሩን የሕፃን ሞግዚት አደረገው። እኔ ሁለቱንም አላየሁም ነበር፤ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ውሻ ላይ፣ የመጀመሪያውን ፊልም ስሠራ ከርሜያለሁ። ልጄ ሁለተኛውን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘንድ ገብቼ፣ «መቻል ቢፈታስ?» አልኳቸው።

ቡናቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተ አይደለህም እንዴ እሰሩልኝ ያልከው?»

«እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር።»

«ተሳስቼ ነበር ማለት ለሰው ይሠራል። ለእሱ ማን ይነግረዋል?» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። እውነት ነበር የተናገሩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰንሰለት በአንድ ጧት አይፈታም፤ የተማረውን ክፋት ይዞ ይወጣል።

መንገዱን ያሳዩኝ አባባ ናቸው። በልጅነታቸው በመንዝ በግ ሲጠብቁ ውሻ አሳድገዋል። «ማታ ማታ ና፤ አጠገቡ ተቀመጥ። አትንካው፤ ዓይኑን አፍጥጠህ አትየው፤ ጃንጥላህን ቤት ተው። እኔ እስካለሁ ምንም አትሆንም» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተጠጋ ፍርሃቴን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ምሽት ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ሁለት ክንድ ርቄ ነበር። እሱ እስኪደክመው ጮኸብኝ፤ እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በአምስተኛው ምሽት መጮኹን ትቶ ጀርባውን ሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግጥም አነበብኩለት፤ ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አትንገሩብኝ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ክንድ ቀረብኩ። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ በአንድ ብርዳም ምሽት፣ ተነሥቶ መጣና ቆመ። አባባ ምንም አላሉም። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ግማሽ ኩንታሉን ሁሉ ትከሻዬ ላይ አሳርፎ፣ ተደገፈኝ። ልወድቅ ነበር። የሚደገፍ ነገር እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

የተፈታው በታኅሣሥ ነው። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት፣ ከዚያ ቀንም በአባባ ዐይን ሥር። ቀለበቱ ከግድግዳው አልወለቀም፤ ዛሬም እዚያው ዝጎ አለ። አልፈው አልፈው ያዩታል።

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። የሮትቫይልን ታሪክ ነግሬአት ነበርና፣ አንድ እሑድ ጧት ሳንቲም የምታጠራቅምባትን ቀይ ከረጢት በክር አድርጋ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ጠጉሩ ገና በወጉ ባልበቀለበት ቦታ ላይ። «ወደ ገበያ ሄዷል» አለችኝ። መቻል ቀኑን ሙሉ ያችን ከረጢት ተሸክሞ በግቢው ሲዞር፣ በበሩ ሲቆም፣ ፀሐይ ላይ ሲተኛ ዋለ። አልነከሳትም፤ አላወለቃትም። ማታ ልጄ ፈታችና እኔ እንድቆጥር ሰጠችኝ። ሠላሳ አራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም። ጧት ያስገባችው ሠላሳ አራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሒሳብ ዘግቻለሁ፤ እንደዚያች ማታ የሞላ ሒሳብ ዘግቼ አላውቅም።

የዚህ ዝርያ ዕድሜ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ገደማ። የዳሌ መገጣጠሚያው ይላሽቃል፤ የአጥንት ነቀርሳም ከብዙ ዝርያዎች ይልቅ ያጠቃዋል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ መቻል በፊት እግሩ ማንከስ ጀመረ። ወለምታ መሰለን። እብጠቱ ሲጠና የእንስሳት ሐኪም አስመጣን፤ ዳብሶ ሲያበቃ ፊቱን አየሁና ገባኝ። እትዬ፣ «ስቃይ አይየው» አሉ። አባባ ራሱን በጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ነበር። እኔ ትከሻው ዘንድ ተቀመጥኩ። በነጻነት የኖረው በእኔ ምክንያት ካጣው ዘመን በኋላ ሰባት ወር ነው። የወሰድኩበት ሃያ ስድስት ወር ነው። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ አይገጥምም።

አባባ ከመስከረም በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። ሲሰናበቱኝ፣ «ልጄ፣ ውሻው ይቅር ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ አትርሳ» አሉኝ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ይህን የጻፍኩት ሁለተኛውን አደራ ለመወጣት ነው።

ያ «ጥቁር አውሬ» የሚለው ግጥም አላለቀም። በምትኩ ይህችን ጻፍኩ፦

ያያቶችህ አንገት ወርቅ ሲጫንበት፣
ያንተን ግን አሠርኩት በብረት ሰንሰለት።
ዐውቄህ መሰለኝ ጥርስህን ቆጥሬ፣
ልብህን ሳልቆጥር ቆየሁ እስከ ዛሬ።
ሒሳቡ ሲዘጋ ጉድለቱ ከእኔ፣
ያንተማ ኮሮጆ ሙሉ ነው ለዓይኔ።